ሲቪያችሁን ከመላካችሁ በፊት አንዴ እዩት

ማስታወቂያው «2 ዓመትና ከዚያ በላይ ልምድ» ይላል። እናንተ 2 ዓመት ከ8 ወር ሠርታችኋል። ሲቪው ላይ ሲቆጠር ግን 1 ዓመት ከ8 ወር ብቻ ይወጣል። ቀጣሪው ደውሎ አይጠይቅም፤ ወደ ቀጣዩ አመልካች ያልፋል።

ይህን የሚያመጣው የዘመን አቆጣጠር ነው። ብዙ ሰው የእኛን ዓመት ወደ ፈረንጅ ሲቀይር ዝም ብሎ 8 ይደምራል። ከመስከረም ጀምሮ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመታቸውን እስኪያከብሩ ግን ልዩነቱ 7 ነው። ጥቅምት 2014 ሥራ ጀምሮ ሰኔ 2016 የለቀቀ ሰው በፈረንጅ ከኦክቶበር 2021 እስከ ጁን 2024 ሠርቷል። መነሻውን 2022 ብሎ ከጻፈ ሙሉ አንድ ዓመት በገዛ እጁ አጠፋ።

ሁለቱን አቆጣጠር መቀላቀል ደግሞ ይብሳል። የምረቃ ዓመቱን ከዲግሪው ላይ በፈረንጅ ይገለብጣል፣ የሥራ ልምዱን ከድርጅቱ ደብዳቤ ላይ በኢትዮጵያ። በ2020 ተመርቆ በ2013 ሥራ የጀመረ ሰው ይሆናል! አንዱን ምረጡና «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብላችሁ ጻፉ። ወሩንም አትተዉ።

ስምም እንዲሁ ነው። መሠረት የምትባል ልጅ በእንግሊዝኛ ስትጽፈው ዲግሪዋ ላይ «ኤስ» አንድ ነው፣ ሲቪዋ ላይ ሁለት። ለሚያውቃት ያው መሠረት ናት። ማስረጃ ለሚያመሳክር ሰው ግን ጥያቄ ነው። ዲግሪው ላይ እንዳለው ጻፉት፣ በቃ።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት የምታመለክቱ ከሆነ የማስታወቂያውን የመጨረሻ መስመሮች ሳታነቡ እንዳትነሱ። ብዙ ጊዜ ከግል ድርጅት የተገኘ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት ስለመሆኑ ማስረጃ ይጠየቃል። ሲቪው 4 ዓመት፣ ደብዳቤው 3 ካለ ደግሞ የሚታመነው ደብዳቤው ነው።

የጓደኛን ሲቪ ወስዶ ስም መቀየር የተለመደ ነው፤ ቅርጹን መውሰድ ነውር የለውም። ችግሩ የጓደኛው ዓላማም አብሮ መምጣቱ ነው። አካውንታንት ሆኖ «በግንባታው ዘርፍ ችሎታዬን ለማሳደግ» የሚል ሲቪ ማን ከልቡ ያነባል? «ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የሚችል» የሚለውንም ብትሰርዙት የሚጎድል ነገር የለም፤ ሁሉም ሰው ጽፎታል። ይልቅ በፒችትሪ (የሒሳብ መሥሪያ ሶፍትዌሩ) ምን እንደሠራችሁ ንገሩን። የስንት ሠራተኛ ደሞዝ ታዘጋጁ ነበር? የቫት ሪፖርት በየወሩ የምታሳውቁት እናንተ ነበራችሁ? እንዲህ ያለች አንድ መስመር ከአሥር ቅጽል ትበልጣለች።

በአማርኛ የተጻፈ ሲቪ በፓወር ግዕዝ ተተይቦ በዎርድ ሲላክ ሌላ ጣጣ አለው። ያ ፊደል ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የማይነበብ የምልክት ክምር ሊሆን ይችላል። እናንተ ያስተየባችሁበት ቤት ስታዩት ምንም አልነበረውም። ስለዚህ በፒዲኤፍ ላኩ። ፋይሉንም «ሲቪ ፋይናል 2» አትበሉት፤ ስማችሁንና የሥራ መደቡን ስጡት።

ሃይማኖት፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የትውልድ ቀበሌ ካልተጠየቀ ይቅር። ስልካችሁን ግን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። በ09 ይሁን በ07፣ የሚጻፈው የሚሠራው ሲም ነው። ካመለከታችሁ በኋላ የማታውቁት ቁጥር ሲደውልም አንሱ እንጂ።

በምስክርነት የጠራችኋቸውን ሰዎችም አትርሱ። የድሮ አለቃችሁ ሳይነገራቸው ከተደወለላቸው «ማን ነው ያሉኝ?» ማለታቸው አይቀርም፤ ከእሳቸው ጋር ከሠራችሁ ብዙ ሰው አልፏል። ሲቪውን በላካችሁ ቀን ደውሉላቸው። የት እንዳመለከታችሁ፣ ምን መደብ እንደሆነና እሳቸው ጋር ምን ስትሠሩ እንደነበር አስታውሷቸው። ቁጥራቸውንም በዚያው አረጋግጡ፤ መሥሪያ ቤት ቀይረው ሊሆን ይችላል።