ቢራቢሮ ለማየት ካቡን ተመልከቱ

ደብረ ብርሃንና አካባቢው ያላችሁ፣ ግቢ ውስጥ ቢራቢሮ ልታዩ ስትጠጉ ብር እያለ ካስቸገራችሁ አበባውን ለጊዜው ተዉት። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይ ያረፈበትን የድንጋይ ካብ ተመልከቱ። ቢራቢሮ የሚበርባቸው ጡንቻዎቹ ካልሞቁ መነሳት ይከብደዋል። የእኛ አገር ሌሊት ደግሞ ብርዱን ታውቁታላችሁ! ስለዚህ ጠዋት ክንፉን ዘርግቶ ድንጋዩ ላይ ፀሐይ ይሞቃል፤ ቀለሙን እስኪበቃችሁ ታያላችሁ። ብቻ ጥላችሁ እንዳያርፍበት። ከጎን በኩል፣ ቀስ ብላችሁ ተጠጉ።

ለወፍ ግን እስከዚያ አትጠብቁ፤ ገና ጎህ ሲቀድ ውጡ። የእሬት አበባ ካላችሁ እሱን አትልቀቁት፣ የአበባ ማር የሚመጥጡት ትንንሽ ወፎች ይመላለሱበታል።

የካቡ ዘዴ ጭጋግና ደመና ባለበት ቀን አይሠራም። ክረምት ላይ አትልፉ።