ጆሮ ቀዳዳ ብቻ አይደለም፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል። ተረቱ የሚወራው ስለ ሐሜት ነው። እኔ ግን ቃል በቃል ልወስደው ይቃጣኛል። ቀን ከሌት የሚያገለግለንን ጆሮ እንደ ተራ ቀዳዳ ነው የምናየው። ስህተቶቻችንም በአብዛኛው ከዚያ ይመነጫሉ።

የመጀመሪያው ኩክን እንደ ቆሻሻ መቁጠር ነው። ኩክን የሚያመነጨው የጆሮ ቦይ ራሱ ነው። ቆዳውን ያለሰልሳል፣ አቧራ ይይዛል። የቦዩ ቆዳ ደግሞ ከውስጥ ወደ ውጭ ቀስ እያለ ስለሚያድግ ኩኩን ይዞት ይወጣል። ጥጥ የተጠቀለለበት እንጨት ስንከት ግን ወደ ኋላ እንገፋዋለን። ጥጡ ላይ ትንሽ ነገር አይተን «ጸዳ» እንላለን፤ የቀረው ታምቡሩ አጠገብ ተጠቅጥቋል። ቦዩ ርዝመቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ታምቡሩ ቅርብ ነው ማለት ነው። ክብሪትና የፀጉር ሽቦማ ጭራሽ አይነሳ።

«ታምቡሬ እስካልተቀደደ ድረስ ደህና ነኝ» ማለት ከሁሉም የከፋው ነው። ታምቡር መግቢያ በር ብቻ ነው። ድምፅ ሲመታው ይርገበገባል፤ ከኋላው ያሉት ሦስት ትናንሽ አጥንቶች፣ መዶሻ፣ መስፍና እርካብ፣ ርግብግቡን ይቀበሉታል። ከውስጥ የሚጠብቀው ፈሳሽ ነው። ፈሳሽ ደግሞ እንደ አየር በቀላሉ አይነቃነቅም። ስለዚህ ታምቡሩና አጥንቶቹ ተባብረው ግፊቱን 20 እጥፍ ያህል ያሳድጉታል። ፈሳሹ ያለው እንደ ቀንድ አውጣ በተጠማዘዘ ቱቦ ውስጥ ነው። እዚያ የተደረደሩት፣ አናታቸው ላይ ፀጉር መሰል ጭራ ስላላቸው የፀጉር ህዋሳት የሚባሉት፣ ሲወዛወዙ እንቅስቃሴው ወደ ኤሌክትሪክ መልእክት ተለውጦ ወደ አንጎል ይሄዳል። ህዋሳቱ በአንድ ጆሮ 15,000 ገደማ ብቻ ናቸው። ዓይን ብርሃን የሚቀበሉ ህዋሳት ከ100 ሚሊዮን በላይ አሉት! ትንሽ የታምቡር ቀዳዳ ብዙ ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ራሱ ይደፈናል። የሞተ የፀጉር ህዋስ ግን በሰው ላይ ተመልሶ አይበቅልም። ዶሮ መልሳ ታበቅላለች፤ እኛ አልታደልንም።

የድምፅ ጉልበት መለኪያ የሆነውን ዴሲቤልን እንደ ኪሎ መቁጠርም አለ። ከ85 ወደ 88 መውጣት ኢምንት ይመስላል። ነገር ግን 3 ዴሲቤል ሲጨመር የድምፁ ኃይል እጥፍ ይሆናል። በተለመደው የሥራ ቦታ ጥንቃቄ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ከተፈቀደ፣ 88 ለ4 ሰዓት፣ 100 ደግሞ ለ15 ደቂቃ ብቻ ነው። ኢርፎን ላይ አንድ ሁለት ጊዜ ድምፅ መቀነስ ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

ከጭፈራ ማግስት ጆሮ ጭው ማለቱን ሲተው «ዳነ» ማለትም ያሳስታል። በአይጦች ላይ እንደታየው፣ መስማት ወደነበረበት ከተመለሰ በኋላም ህዋሳቱን ከነርቭ ጋር የሚያገናኙት መጋጠሚያዎች ለዘለቄታው ሊጠፉ ይችላሉ። ጭው ማለቱን እንደ ማስጠንቀቂያ ይውሰዱት።

አዛውንት ላይ መጮኽስ? ቀጭን ድምፅ የሚቀበሉት ህዋሳት ያሉት በቱቦው መግቢያ በኩል ነው። በዕድሜ ቀድመው የሚዳከሙትም እነሱ ናቸው። እንደ ሰ፣ ፈ እና ተ ያሉ ድምፆች ቀጭንና ደካማ ስለሆኑ ያመልጣሉ። «ሰላም» ብለን «ሰ»ዋ ከጠፋች የሚደርሳቸው ወደ «ላም» የቀረበ ነገር ነው። ለዚህ ነው «እሰማለሁ፣ ግን አይገባኝም» የሚሉት። ስንጮኽ የሚጎላው ድሮም የሚሰሙት ወፍራሙ ክፍል ነው። ፊት ለፊት ሆነው፣ ረጋ ብለው ይናገሩ፤ ቴሌቪዥኑንም ይቀንሱት።

በመጨረሻ፣ አንድ ጆሮ በድንገት ሲዘጋ «ጉንፋን ነው፣ ይለቀኛል» ብሎ ሳምንታት መጠበቅ። የነርቭ ጉዳት ከሆነ ሕክምናው የሚረዳው በቶሎ፣ በቀናት ውስጥ ከተጀመረ ነው። አፍዎን ዘግተው «እምምም» ይበሉ። ድምፁ በተዘጋው ጆሮ ከጎላ ኩክ ወይም ፈሳሽ ሊሆን ይችላል። በደህነኛው ከጎላ የነርቭ ችግር ያስጠረጥራል። ይህ ምርመራን አይተካም፤ በየትኛውም በኩል ቢጎላ የዚያኑ ቀን ሐኪም ጋ ይሂዱ።