ግንቡ ላይ ፊት ታያችሁ? እንዲህ ፈትሹት

በፋሲል ግቢ አጥር ስር ስታልፉ ከድንጋዩ መሐል ሁለት ዓይንና አንድ አፍ ቢያፈጥባችሁ አትደንግጡ። ከአንጎላችን ግርጌ፣ ከጆሮ ወደ ኋላ ባለው በኩል፣ በተለይ ፊት ለመለየት የሚተጋ ክፍል አለ። ፊት ሲታይ ምላሹ በ0.17 ሰከንድ ገደማ ይመዘገባል፤ ነገሩን ለማሰብ እንኳ ጊዜ አይሰጥም። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባል የለ? በጨለማ ጉቶን ሰው ብሎ መደንገጥ ብዙ አያስከፍልም፤ እውነተኛውን ሰው ጉቶ ነው ብሎ ማለፍ ግን ሊያስከፍል ይችላል።

መጀመሪያ ቤት ውስጥ ሞክሩት። ጌጥ የሌለው ነጭ ሰሃን ላይ ሁለት ባቄላ በ4 ሳንቲ ሜትር ርቀት ጎን ለጎን አስቀምጡ። ሦስተኛውን ከመሐላቸው 4 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጉት። ፊት ሆነ። አሁን ሰሃኑን ከተቀመጠበት ሳታነሱ ቀስ ብላችሁ ግማሽ ዙር አዙሩት፤ ሁለቱ ታች፣ አንዱ ላይ ሲሆን ፊቱ ይጠፋል፣ የቀረው ባቄላ ብቻ ነው። ሦስተኛው ወደ ጎን ከሸሸ ወይም ሰሃኑ አበባ ካለበት ሙከራው አይሠራም፤ ዓይን ሌላ መስመር ይከተላል።

ከዚያ ወደ ግንቡ። ከጥቅምት እስከ የካቲት ወደ ደቡብ የዞረ ግድግዳ ምረጡ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ። ፀሐይ ከጎን ስትመታው እያንዳንዱ የድንጋይ ጉብታ ረጅም ጥላ ይጥላል፤ ዓይንና አፍ የሚመስለው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ጥላ ነው። የቆማችሁበትን ምልክት አድርጉና ፎቶ አንሱ፣ ያለ ፍላሽ፤ ፍላሽ ጥላውን ያጠፋዋል። በማግስቱ 6 ሰዓት እዚያው ቦታ ቆማችሁ ድገሙት። ጥላው ወደ ታች ስለሚወርድ ፊቱ ይለወጣል ወይም ይጠፋል። ሁለት እርምጃ ወደ ጎን መራመድም ብዙ ጊዜ ይበቃል። በመጨረሻ ፎቶውን ገልብጣችሁ እዩት።

በ1976 (እ.ኤ.አ.) ቫይኪንግ 1 የተባለው የጠፈር መንኮራኩር ከማርስ የላከው «ፊት»ም በዚሁ መንገድ ነው የፈረሰው፤ በ2001 ጥራት ባለው ካሜራ ሲነሳ ተራ ኮረብታ ሆነ።

ለማነጻጸር እዚያው ጎንደር ያለው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ግቡና ጣሪያውን ተመልከቱ። የመላእክቱ ፊት በቀለም የተሣለ ነው፤ ብርሃኑ ቢለዋወጥ፣ እናንተ ብትንቀሳቀሱ ዓይናቸው ቦታውን አይለቅም። እዚያም ፍላሽ አታብሩ፤ ለሥዕሉ ስትሉ።