የብሳና፣ የግራዋና የሰስፓንያ ቅጠል ለመስኖ ማሳ

በቆጋ (በመራዊ አቅራቢያ ያለ የመስኖ ቦታ) እና በአካባቢው በበጋ መስኖ ሽንኩርት ወይም ድንች ለምትተክሉ፦ በማሳው ድንበር ላይ ያለው ብሳና፣ ግራዋና ሰስፓንያ ቅጠሉ ከአፈር ጋር ሲቀላቀል ጥሩ ማዳበሪያ ነው።

ለ10 በ10 ሜትር መደብ ከ50 እስከ 100 ኪሎ እርጥብ ቅጠል ይበቃል። ለጋ ቀንበጡን ውሰዱ፣ የጠነከረውን እንጨት ተዉት፤ ቶሎ አይበሰብስም። ሰስፓንያን ከመሬት 1 ሜትር ያህል ትታችሁ ብትቆርጡት መልሶ ያቆጠቁጣል። ቅጠሉን በማጭድ ከትፋችሁ በዚያው ቀን ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉት። ላይ ላዩን ተበትኖ ፀሐይ ሲያደርቀው ሰብሉን ከሚመግበው ናይትሮጅን ከፊሉ ወደ አየር ይበናል።

ከዚያ አጠጡ፣ ግን አታጥለቅልቁ። አፈሩ ሲጨበጥ የሚያያዝ፣ ሲጨመቅ ግን ውኃ የማያንጠባጥብ ይሁን። ውኃ ከተኛበት አየር አጥቶ ይገማል፣ ሥርም ያበሰብሳል።

ችግኙ የሚተከለው ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ ነው። ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው፤ ቅጠሉ ሳይበሰብስ ከተተከለ አብስባሾቹ ረቂቅ ሕዋሳት ናይትሮጅኑን ይሻሙታል፣ ችግኙም ቢጫ ይሆናል። ቆፈር አድርጋችሁ እዩ፦ የቅጠሉ ቅርጽ ጠፍቶ፣ ጠቁሮ፣ የጫካ አፈር ጠረን ካለው ደርሷል።

የባሕር ዛፍ ቅጠል ፈጽሞ አትጨምሩ፤ ቡቃያ ያቀጭጫል። ቀዩ አፈር አሲዳማ ስለሆነ ቅጠሉ አሲዱን የሚቀንሰውን ኖራ አይተካም። ፎስፈረሱም ትንሽ ነውና ፎስፈረስ ያለበትን ኤንፒኤስ ማዳበሪያ አታስቀሩ።