ከንፈር ሲጠቁር ቫይታሚን ሲ ፍለጋ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እኛ ቱሉ ዲምቱ ውሃ ሲጠፋ ጄሪካን ይዘን ወደ ጉድጓድ ነው። ጎረቤቴ ሰሞኑን ለአራት ወር ልጇ ጡጦ የጉድጓድ ውሃ ስታፈላ አገኘኋት። ቫይታሚን ሲ ሰማያዊ የሆኑ ሰዎችን አዳነ የሚል ቪዲዮ አይታ ቫይታሚኑንም ገዝታ አስቀምጣለች።

ወሬውስ እውነት ነው። ሰው ሠራሹ ቫይታሚን ሲ በ1933 እ.ኤ.አ. ተሠራ። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ሰሜን አየርላንድ ውስጥ ዶክተር ጄምስ ዲኒ ቆዳቸው ሰማያዊ ለሆነ ሁለት ወንድማማቾች ሰጣቸው። የአንዱ መልክ በ12ኛው ቀን ተስተካከለ፤ የሌላው አንድ ወር ገደማ ፈጀ። በሽታው ሜትሄሞግሎቢኔሚያ ይባላል። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ብረቱ እንደ መዛግ ይለውና ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፤ ከንፈርና ቆዳ የሚጠቁረውም ለዚህ ነው። ቫይታሚኑ ብረቱን ቀስ እያለ ይመልሰዋል።

የመጀመሪያው ስህተት እዚህ ጋ ነው። "ቀስ እያለ" የሚለውን ማንም አይሰማም። ወንድማማቾቹ ከነችግሩ የተወለዱ፣ ሰውነታቸው የለመደው ነበሩ። በድንገት ከንፈሩ የጠቆረ ሕፃን 12 ቀን የለውም! በአስቸኳይ ሐኪም ቤት ይወሰዳል። እዚያ በደም ሥር የሚሰጠው ሜቲሊን ብሉ የተባለ መድኃኒት ነው። እሱም ቢሆን ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም ለሚያንሳቸው አይሆንም።

ሁለተኛው ማፍላቱ ነው። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ይህን በሽታ በሕፃናት ላይ የሚያመጣውን ናይትሬት የተባለ ንጥረ ነገር ግን አያጠፋም። እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይወፍራል። ናይትሬት ከሽንት ቤትና ከማዳበሪያ ወደ ጉድጓድ ይሰርጋል፣ ሽታም ጣዕምም የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። ከስድስት ወር በታች ያሉ ሕፃናት ይበልጥ ይጎዳሉ። ለጎረቤቴ "ጡትሽ እያለ!" አልኳት፤ እናትየዋ ብትጠጣው እንኳ ናይትሬቱ በጡት ወተት ብዙም አያልፍም።

ጣት ላይ የሚሰካውን የኦክስጅን መለኪያም አትመኑ። በዚህ በሽታ ይሳሳታል፤ ሁኔታው እየባሰም 85 በመቶ አካባቢ ተገትሮ ይቀራል። ደሙ ቸኮሌት መስሎ አየር ሲነካው ካልቀላ ግን ጠርጥሩ።

"ቫይታሚን ምን ይጎዳል?" የሚሉም አሉ። ሜናዲዮን የሚባለው ሰው ሠራሽ ቫይታሚን ኬ3 ድሮ ለአራስ ይሰጥ ነበር። ቀይ የደም ሴል እያፈረሰ ሕፃናቱን ቢጫ ስላደረገ በኬ1 ተተካ።

የሚወስዱትን መድኃኒት ከሐኪም መደበቅም አለ። የወባው ፕሪማኩዊን፣ የሥጋ ደዌው ዳፕሶን ሜትሄሞግሎቢኔሚያን ሊያመጡ ይችላሉ። ስሙ ከጠፋባችሁ ካርቶኑን ይዛችሁ ሂዱ።