የድሮ ኮፒየር ወይስ ፍላሽ ካርት? ለድሮ ጌም ኮንሶል የሚሆነውን እንዴት መርጦ መግጠም እንደሚቻል

ሜጋ ድራይቭ፣ ሱፐር ፋሚኮም ወይም ባለ60 ፒን የፋሚኮም ቅጂ ያለው ሰው ካሴት ማግኘት ሲቸግረው ሁለት አማራጭ አለው። አንዱ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በታይዋንና በሆንግ ኮንግ ድርጅቶች ይሠራ የነበረው፣ ካሴትን ወደ ፍሎፒ ዲስክ ገልብጦ ከዚያ የሚያጫውተው ኮፒየር ነው፦ ሱፐር ዋይልድ ካርድ፣ ፕሮ ፋይተር፣ ጌም ዶክተር፣ ለሜጋ ድራይቭ ደግሞ ሱፐር ማጂክ ድራይቭ። ሌላው ጌሙን ከሚሞሪ ካርድ አንብቦ ለኮንሶሉ እንደ ካሴት የሚያቀርበው ፍላሽ ካርት ነው፦ ኤቨርድራይቭ፣ ኤፍኤክስፓክ ፕሮ፣ ለጌምቦይ አድቫንስ ኢዚ ፍላሽ ኦሜጋ።

ለመጫወት ብቻ ከሆነ ፍላሽ ካርት ይግዙ። ኮፒየር የሚጠቅመው የራስዎን ካሴት ወደ ፋይል ለመገልበጥ ወይም የዚያን ዘመን ዕቃ ለታሪኩ ሲሉ ለማቆየት ነው። ለገጣፎ፣ ሰንዳፋ፣ ሰበታ፣ ገላን ወይም ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ለሚኖር ሰው ልዩነቱ ይሰፋል። ኮፒየር ሁለት ነገር አይወድም፤ የመብራት መቆራረጥና አቧራ።

ከሁሉ በፊት መብራቱን ያስተካክሉ

ብዙ ኮንሶልና ኮፒየር የሚሞተው በካርት ሳይሆን በአዳፕተር ነው። ከጃፓን የመጣ ዕቃ አዳፕተሩ የ100 ቮልት ነው፣ ከአሜሪካ የመጣው የ120 ቮልት። በእኛ 220 ቮልት ሶኬት ላይ በቀጥታ ከተሰካ ትራንስፎርመሩ ወዲያው ይቃጠላል፣ አንዳንዴም ኮንሶሉን ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ከውጭ የመጣ ዕቃ ሲገዙ በመጀመሪያ አዳፕተሩን ገልብጠው ጽሑፉን ያንብቡ።

ቀጥሎ የጫፉን አቅጣጫ ይዩ። የሜጋ ድራይቭ ሞዴል 1 አዳፕተር 9 ቮልት፣ 1.2 አምፒር ሲሆን መሀሉ ኔጋቲቭ ነው። የሞዴል 2 ደግሞ 10 ቮልት፣ 0.85 አምፒር ሆኖ መሀሉ ፖዘቲቭ ነው። የሱፐር ፋሚኮም 10 ቮልት፣ 0.85 አምፒር፣ መሀሉ ኔጋቲቭ። ከመርካቶ የሚገዙት ጫፍ ቀያያሪ አዳፕተር ሁሉም ላይ ስለሚገባ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ጋ ነው። በቴስተር ያረጋግጡ፦ ቴስተሩን ዲሲ 20 ቮልት ላይ ያድርጉ፣ ቀዩን ጫፍ በአዳፕተሩ ቀዳዳ ውስጥ ያስገቡ፣ ጥቁሩን ከውጪው ብረት ጋር ያነካኩ። ቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክት ከመጣ መሀሉ ኔጋቲቭ ነው፤ ካልመጣ ፖዘቲቭ።

የድሮው ከባድ አዳፕተር፣ ውስጡ ትራንስፎርመር ያለው፣ 10 ቮልት ተብሎ ተጽፎበት ያለ ጭነት ሲለካ ከ13 ቮልት በላይ ሊያሳይ ይችላል። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ኮንሶሉ ሲበራ ይወርዳል። ችግሩ የመስመሩ ኃይል ከፍ ሲል አዳፕተሩም አብሮ ከፍ ማለቱ ነው። ሜጋ ድራይቭ ውስጥ ያለው 7805 የተባለው ሬጉሌተር ትርፉን ሁሉ ወደ ሙቀት ቀይሮ 5 ቮልት ያወጣል፣ ስለዚህ በጣም ይግላል። መስመሩ በማይረጋጋበት ሰፈር የተሻለው መፍትሔ ግቤቱ ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ ውጤቱ 9 ቮልት 2 አምፒር የሆነ ዘመናዊ ቀላል አዳፕተር ነው። ይህ ዓይነቱ መስመሩ ወጣ ወረደ ሲል ውጤቱን አይቀይርም። አምፒሩ ቢበዛ ጉዳት የለውም፣ ኮንሶሉ የሚፈልገውን ብቻ ይወስዳል።

መብራት ሲሄድ ዲቫይደሩን ከግድግዳው ይንቀሉ። አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ ነው።

ኮፒየር እንዴት እንደሚሠራ ካወቁ ድክመቱም ይገባዎታል

ኮፒየሩ የካሴቱ ቦታ ላይ ይሰካል፤ እውነተኛው ካሴት ደግሞ በኮፒየሩ አናት ላይ ይቀመጣል። ካሴቱን አንብቦ ወደ ፍሎፒ ይጽፋል። ሲጫወቱ ከፍሎፒው ወደ ራሱ ዲራም (ጊዜያዊ ሚሞሪ) ይጭንና ከዚያ ያጫውታል። ብዙዎቹ የሱፐር ፋሚኮም ኮፒየሮች ጌሙ ከፍሎፒ ቢመጣም እንኳ የኮንሶሉን የመቆለፊያ ቺፕ ለማለፍ ከላይ እውነተኛ ካሴት እንዲሰካ ይፈልጋሉ። ይህን ሳያውቁ «ተበላሽቷል» ተብሎ የሚሸጥ ጤነኛ ኮፒየር አለ።

የጌሙ መጠን በሜጋቢት ነው የሚነገረው፤ 8 ሜጋቢት 1 ሜጋባይት ነው። ትልቅ የሱፐር ፋሚኮም ጌም 32 ሜጋቢት፣ ማለትም 4 ሜጋባይት ይሆናል። ኮፒየሮቹ ተራውን ፍሎፒ ጨመቅ አድርገው በ1.6 ሜጋባይት ስለሚፎርማቱት ይህ ጌም 3 ዲስክ ይወስዳል። ፍሎፒ በደቂቃ 300 ጊዜ ይዞራል፣ በሁለቱ ገጽ 160 ትራክ አለው፤ ስለዚህ አንድ ሙሉ ዲስክ ምንም ስህተት ባይገጥመው እንኳ ከ32 ሰከንድ በታች አይነበብም። ሦስቱን ዲስክ እየቀያየሩ መጫን 2 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። ዲራም ኃይል ሲያጣ የያዘውን ሁሉ ስለሚረሳ፣ መብራት ለአንድ ሰከንድ ብልጭ ቢል ከዜሮ ይጀምራሉ። በቀን ሦስት ጊዜ መብራት በሚሄድበት ሰፈር ይህ ያሰለቻል።

ሌላው ገደብ ልዩ ቺፕ ነው። እንደ ስታር ፎክስ ያለው ጌም ሱፐር ኤፍኤክስ የተባለ ቺፕ በራሱ ካሴት ውስጥ አለው፣ ሱፐር ማሪዮ አርፒጂ ደግሞ ኤስኤ1። ኮፒየሩ ፋይሉን ብቻ እንጂ ቺፑን ስለማይገለብጥ እነዚህ አይሠሩም።

ያም ሆኖ ኮፒየር ለመግዛት ከወሰኑ ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት የዲራሙን መጠን ይጠይቁ፤ 8 ወይም 16 ሜጋቢት ብቻ ያለው ለትልልቆቹ ጌሞች አይበቃም። ከዚያ ክዳኑን አስከፍተው ባትሪውን ይመልከቱ። በዙሪያው ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ካለ ፈስሷል፣ የቦርዱንም መስመር እየበላ ነው። ጥቂት ከሆነ በነጭ ኮምጣጤ በተነከረ ጥጥ ጠርጎ፣ በአልኮል አጥቦ ማድረቅ ይቻላል፤ መስመሩ ተቆርጦ ከታየ ግን ይተዉት።

የፍሎፒ ማንበቢያውን ማዳን ብዙ ጊዜ አያዋጣም። የበጋ አቧራ ከዲስኩ ጋር ገብቶ ጭንቅላቱን ያቆሽሻል፣ በክረምት እርጥበት ደግሞ የተቀመጠ ዲስክ ይሻግታል። የሻገተ ዲስክ ማስገባት ጭንቅላቱን ጨርሶ ያበላሻል፣ ከዚያ በኋላ የሚገባውን ጤነኛ ዲስክም ይቧጭራል። የብረቱን መዝጊያ በጣት ወደ ጎን ገፍተው ጥቁሩን ገጽ በብርሃን ያዩት፤ ነጭ ነጠብጣብ ካለበት አያስገቡት።

ይልቅ ጎቴክ የተባለውን የፍሎፒ ምትክ ይግጠሙ። በዚያው ባለ34 ፒን ገመድ ይሰካል፣ ጌሞቹን ከፍላሽ ዲስክ ያነባል። ፍላሽፍሎፒ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ቢጫንበት የ1.6 ሜጋባይቱን ያልተለመደ ፎርማት ይቀበላል። ከገጠሙት በኋላ መብራቱ ሳያቋርጥ ከበራ ገመዱ ተገልብጦ ነው የተሰካው፤ ያዙሩት። ገመዱ ትክክል ሆኖ ኮፒየሩ ዲስክ ካላየ ከኋላ ያለችውን ትንሽ ጃምፐር (ሁለት ፒን የምታገናኝ ክዳን) ከኤስ0 ወደ ኤስ1 ወይም በተቃራኒው ያዛውሩ።

ለኔንቴንዶ 64 ደግሞ የሆንግ ኮንጉ ድርጅት ቡንግ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣው ዶክተር ቪ64 ነበር፤ ከኮንሶሉ ሥር ተሰክቶ ከሲዲ ያነባል። ለሰብሳቢ እንጂ ለተጫዋች አይመከርም።

ፍላሽ ካርት ሲመርጡ

መጀመሪያ መግቢያው ይግጠም። ኤቨርድራይቭ ኤን8 ፕሮ በሁለት ዓይነት ይሸጣል፦ ባለ60 ፒን ለፋሚኮም፣ ባለ72 ፒን ለኔስ (ለፋሚኮም የአሜሪካና የአውሮፓ ስሪት)። ከርካሽ ቅጂ ኮንሶሎች ጋር ግን ሙሉ በሙሉ እንዲሠራ ዋስትና የለውም፤ ያለዎት ቅጂ ከሆነ ሳይሞክሩ አይክፈሉ። ለሱፐር ፋሚኮም ልዩ ቺፕ ያላቸውን ጌሞች ከፈለጉ ኤፍኤክስፓክ ፕሮ ሱፐር ኤፍኤክስንም ኤስኤ1ንም ያስኬዳል፤ ርካሾቹ አያስኬዱም። ለሜጋ ድራይቭ ይህ ጭንቀት ብዙም ስለሌለ ዋጋው መካከለኛ የሆነውም ይበቃል።

በጣም መጠንቀቅ ያለብዎት በርካሽ አስመሳይ ካርት ላይ ነው። ፋሚኮም፣ ሱፐር ፋሚኮምና ሜጋ ድራይቭ በ5 ቮልት ይነጋገራሉ፤ የዛሬ ሚሞሪ ቺፖች በ3.3 ቮልት። በደንብ የተሠራ ካርት በመካከል ቮልቴጁን የሚያስተካክሉ ቺፖች አሉት። አስመሳዩ ወጪ ለመቀነስ ያንን ይተወውና ሁለቱን በቀጥታ ያገናኛል። ይሠራል፣ ግን ካርቱም ኮንሶሉም ከአቅማቸው በላይ ይጎተታሉ። ሌላው ምልክት የቦርዱ ጠርዝ ነው፤ ወደ ኮንሶሉ የሚገባው ጫፍ እንደ ካሴቱ ስል ሆኖ መሞረድ አለበት። ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ጠርዝ በገባ ቁጥር የኮንሶሉን ፒኖች ያጣምማል።

አገጣጠም

1. ሚሞሪ ካርዱን ከመጠቀምዎ በፊት ይፈትሹ። «64 ጊጋ» ተብሎ ውስጡ 8 የሆነ አስመሳይ በብዛት ይሸጣል። በኮምፒውተር ላይ ኤችቱቴስትደብሊው የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ያስኬዱ፤ ካርዱን ሞልቶ መልሶ ያነበዋል። ስህተት ካሳየ ይመልሱት። ለእነዚህ ኮንሶሎች 8 ወይም 16 ጊጋ ከበቂ በላይ ነው።

2. በፋት32 ይፎርማቱት። ከ32 ጊጋ በላይ የሆነ ካርድ በኤክስፋት ነው የሚመጣው፤ ብዙ ካርቶች አያነቡትም።

3. የካርቱን ሶፍትዌር ፎልደር እንዳለ ሚሞሪው ላይ ይቅዱ፣ ስሙን አይቀይሩ። ጌሞቹን በየፎልደሩ ከፋፍለው ያስቀምጡ።

4. ኮንሶሉን ያጥፉ፣ ካርቱን ይሰኩ፣ ከዚያ ያብሩ። በርቶ እያለ መሰካትም መንቀልም ቺፑን ሊገድል ይችላል።

ማያው ጥቁር ከሆነ መጀመሪያ የኮንሶሉን ፒኖችና የካርቱን ጠርዝ 90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ያጽዱ፣ ለ10 ደቂቃ ያድርቁ። በአፍ አይንፉበት፤ ምራቅ ብረቱን ያዝገዋል። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ከሆነ ወይም ወደ ላይ የሚሮጥ ከሆነ ካርቱ አይደለም ችግሩ፤ የምስል ሥርዓታቸው ይለያያል፣ ኮንሶሉ ኤንቲኤስሲ፣ የድሮው ቴሌቪዥን ደግሞ ፓል ነው። አዳዲሶቹ ቴሌቪዥኖች ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ይቀበላሉ።

አንድ ጌም ብቻ እምቢ ካለ ፋይሉን ይመርምሩ። በድሮ ኮፒየር የተገለበጡ ፋይሎች ፊታቸው ላይ 512 ባይት ትርፍ አለባቸው። የፋይሉን መጠን በ1024 ያካፍሉ፤ 512 ከተረፈ ያ ነው። ለምሳሌ 1,049,088 ባይት የሆነ ፋይል እውነተኛው ጌም 1,048,576 ነው፣ የቀረው የኮፒየሩ ማህተም ነው። ከሱፐር ማጂክ ድራይቭ የወጣ የኤስኤምዲ ፋይል ደግሞ ባይቶቹ በ16 ኪሎባይት ክምር ተቀላቅለው ስለተቀመጡ ወደ ቢን ፋይል መለወጥ አለበት።

የተቀመጠ ጨዋታ እንዳይጠፋ የካርትዎን መመሪያ ያንብቡ። አንዳንዶቹ ርካሽ ካርቶች ሴቭ የተደረገውን ወደ ሚሞሪው የሚጽፉት ሪሴት ተጭነው ወደ ሜኑ ሲመለሱ ነው፤ በቀጥታ ካጠፉ ይጠፋል። መብራት ሊሄድ እንደሚችል ካወቁ ሴቭ ባደረጉ ቁጥር ሪሴት የመጫን ልማድ ይያዙ፣ በሳምንት አንድ ጊዜም የሴቭ ፎልደሩን ወደ ኮምፒውተር ይቅዱ።

የራስዎን ካሴት መገልበጥ ብቻ ከሆነ ዓላማዎ ኮፒየር ፍለጋ አይድከሙ። ሳኒ ካርት ሪደር የተባለው በአርዱዊኖ ሜጋ (አነስተኛ የመቆጣጠሪያ ቦርድ) ላይ የተመሠረተ ክፍት ንድፍ አለ፤ ብየዳ የሚችል ሰው ሊገጣጥመው ይችላል፣ ጌሙንም በካሴቱ ባትሪ የተያዘውን ሴቭም በአንድ ላይ ያወጣል። የካሴቱን ባትሪ ከመቀየርዎ በፊት ሴቩን በዚህ ያውጡት፤ ባትሪው ከቦርዱ ሲነሳ ሴቩ አብሮት ይጠፋል። የኮምፒውተር ፕሮግራም በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ ስላለው የገለበጡትን ለራስዎ ያቆዩት፣ ካሴቱንም አይሽጡት።