የሪሞት ላንድክሩዘር ኪት ሲገጥሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሀረጎን ሽቅብ የሚወጣ ላንድክሩዘር ደሴና ኮምቦልቻ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል። የሱን አንድ አሥረኛ የምታህለው ሪሞት መኪና በኪት ስትመጣ ግን መኪናም አትመስል፤ ሻንሲ፣ ጥርስ፣ ኩሽኔታ፣ ቪቴና ፕላስቲክ በየከረጢቱ ተቆጥሮ ታሽጓል። መገጣጠሙ ያን ያህል ከባድ ሥራ አይባልም። ከባዱ፣ አንዲት ጥርስ ብትበላ ወይ አንዲት ቪቴ ብትጠፋ ፒያሳን ዞረው የማያገኟት መሆኑ ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ሰው ተለምኖ እስኪመጣ መኪናዋ መደርደሪያ ላይ ትከርማለች። ስህተቶቹን ያስቀመጥናቸው በሥራው ቅደም ተከተል ሲሆን፣ ውድ የሚያስከፍሉት ላይ ረዘም ብለናል።

ሳይለኩ ቦዲ መግዛት

ሰው መጀመሪያ የሚወደው መልኩን ነው። ቦዲውን ገዝቶ ሲያበቃ ግን ጎማው ከፓራፋንጎው ክፍት ጋር አልገጥም ይላል። መለካት ያለበት ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል ያለው ርቀት ነው። በ1፡10 ልክ በጣም የተለመደው ሻንሲ 313 ሚ.ሜ. ነው። የእውነተኛው ላንድክሩዘር 79 ፒካፕ ርቀት 3,180 ሚ.ሜ. ስለሆነ ለአሥር ሲካፈል 318 ይሆናል፤ የ5 ሚሊ ሜትር ልዩነት ዓይን አይይዛትም። ባለ አራት በሩ 76 ግን 2,730 ነው፣ ማለትም 273። በልኩ የተሠራ የ76 ቦዲ በ313 ሻንሲ ላይ ሲጫን የኋላ ጎማው ከክፍቱ 4 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይቀራል።

ጎማም እንዲሁ ነው። 7.50-16 የሚባለው ጎማ ቁመቱ 80 ሴ.ሜ. አካባቢ ስለሆነ በልኩ 80 ሚ.ሜ. መሆን ነበረበት፤ ኪቶች ብዙ ጊዜ ከ110 እስከ 120 ሚ.ሜ. ይዘው ይመጣሉ። ትልቁ ጎማ ድንጋይ ይወጣል፣ መልክ ግን ያበላሻል። ትልቁን ከመረጡ ፓራፋንጎ መቁረጥ ሊኖርብዎት ነው። መቀስ ከማንሳትዎ በፊት ሞላውን እስከ ታች ተጭነው፣ መሪውን እስከ ጥግ አዙረው ጎማው የሚነካበትን ቦታ በእርሳስ ያመልክቱ።

ከረጢቱን ሁሉ ባንዴ መዘርገፍ

ከረጢቶቹ በፊደል የተለዩት እንደየደረጃው እንዲከፈቱ ነው። 3×8 እና 3×10 ቪቴ ተደባልቀው ከተቀመጡ በዓይን አይለዩም። 8 ሚሊ የሚፈልግ ቦታ 10 ሚሊ ከገባ ፕላስቲኩን በስቶ ይወጣል፤ ሞተር ማሰሪያው ላይ ከሆነ ደግሞ ወደ ውስጥ ዘልቆ የመዳቡን ጥቅል ይነካል፣ ሞተሩም እዚያው ያበቃል። ጠርዝ ባለው ትሪ ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፈው አንድ ከረጢት ብቻ ይክፈቱ፣ ከመመሪያው ጋር ይቁጠሩ፣ ሲጨርሱ ቀጣዩን። ኢ-ክሊፕ የምትባለዋን ትንሽ የግማሽ ጨረቃ መያዣ ሲያስገቡ እጅዎንና ዕቃውን ግልጽ ፌስታል ውስጥ አድርገው ይሥሩ፤ ብትፈናጠርም ፌስታሉ ውስጥ ትቀራለች። ምንጣፍ ላይ ከወደቀች ፍለጋው ከግማሽ ቀን አያንስም።

በተገኘው መፍቻ መፍታት

ክብ ሲሊንደር ራስ ያለው 3 ሚሊ ቪቴ 2.5 አለን ቁልፍ ይፈልጋል፤ ጉልላት ራስ ያለው 2.0፤ ራስ የሌለው፣ ፒንየንን (ሞተሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ጥርስ) ከሞተር ዘንግ ጋር የሚያስረው ደግሞ 1.5። ኪቱ ውስጥ የሚመጣው የታጠፈ ቁልፍ ለስላሳ ብረት ስለሆነ ጫፉ ቶሎ ይላጣል፣ የቪቴውንም ራስ ይዞ ይሄዳል። በሌላ ነገር ሁሉ ቢቆጥቡ እንኳ ጥሩ እጀታ ያላቸውን እነዚህን ሦስት መፍቻዎች ይግዙ። ቪቴው የመስቀል ራስ ያለው የጃፓን ኪት ከሆነ፣ ገበያ ላይ ያለው ተራ የመስቀል ካቻቪቴ የሚመጥን ይመስልና ሲጠብቅ ይዘላል፤ የጃፓኑ ልክ የተለየ ነው፤ መስቀሉ ጠለቅ ብሎ የሚቀመጥ ካቻቪቴ ይፈልጉ።

ፕላስቲክ ውስጥ ተፈትቶ የነበረ ቪቴ ሲመልሱ ዝም ብለው አያሽከርክሩ። መጀመሪያ ወደ ግራ ያዙሩት፤ ቀጭ ብሎ ወደ ድሮ ጥርሱ ሲገባ በጣትዎ ይሰማዎታል፤ ከዚያ ወደ ቀኝ። ይህን ያልለመደ ሰው በየፍታታው አዲስ ጥርስ እየቀደደ ሦስተኛው ላይ ቪቴው ዝም ብሎ ይሽከረከርበታል። ድሪል ደግሞ ፕላስቲኩን በሙቀት ያቀልጠዋል።

ሎክታይትን በየቦታው ማፍሰስ

ሎክታይት ቪቴ እንዳይላላ የሚይዝ ማጣበቂያ ነው። ሰማያዊው ሎክታይት ብረት ከብረት ለሚገጥምበት ብቻ ነው፤ ቀዩን ጭራሽ አያምጡት፣ ካልተጋለ አይፈታም። ፕላስቲክ ላይ የነካ ሎክታይት ውሎ አድሮ ይሰነጥቀዋል፤ ጥፋቱ ወዲያው ስለማይታይ ነው ሰው የሚደጋግመው። አንድ ጠብታ በቪቴው ጫፍ ይበቃል። ቪቴዎቹ ከፋብሪካ ዘይት ይዘው ስለሚመጡ ቀድመው በአልኮል ይጥረጉ። በደሴ ብርድ መድረቁ ስለሚዘገይ ሳያሯሩጡ ሙሉ ቀን ያሳድሩት።

ኮሮናን በተቃራኒ ጎን ማስገባት

ከሁሉም የሚያሳዝነው ይህ ነው፤ ሁሉም ነገር ተገጥሞ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ባትሪ ተሰክቶ መኪናዋ ትጮሃለች እንጂ አትሄድም። የፊትና የኋላ ዲፍረንሻል ውስጥ ትንሹ ጥርስ (ፒንየኑ) ትልቁን ክብ ጥርስ (ኮሮናውን) የሚያዞርበት ጎን አለ። ኮሮናው ከፒንየኑ በተሳሳተ ጎን ከተቀመጠ የዚያ አክስል ጎማዎች ወደ ኋላ ይዞራሉ። ሞተሩ ሁለቱን አክስል እርስ በርስ ያታግላል፤ ከዚያም መጀመሪያ ደካማው ይሰበራል፣ ብዙ ጊዜ የዘንጉ ፒን ወይም የካምቢዮው ጥርስ።

መፍትሔው ሞተር ከመግጠምዎ በፊት የሚወስደው ሁለት ደቂቃ ነው። ሻንሲውን ከፍ ባለ ሳጥን ላይ ያስቀምጡ፣ አራቱም ጎማ አየር ላይ ይሁን። የካምቢዮውን ትልቁን ጥርስ በጣትዎ ቀስ ብለው ያዙሩ። አራቱም ጎማ ወደ አንድ አቅጣጫ መዞር አለባቸው። አንደኛው ጥንድ ካፈነገጠ ዲፍረንሻሉን ከፍተው ኮሮናውን ወደ ሌላው ጎን ያዙሩት። በዚያው ጊዜ ኃይል የሚያስተላልፈውን ዘንግ ይመልከቱ፤ በሁለቱ ጫፎቹ ያሉት ሹካዎች በአንድ መስመር መሆን አለባቸው። ተጣመው ከተገጠሙ መኪናዋ በፍጥነት ስትሄድ ትንቀጠቀጣለች፣ ቪቴዎችም አንድ በአንድ ይላላሉ። ግራሶ በጥርሶቹ ፊት ላይ በስሱ ይበቃል፤ ሞልተው ከከደኑት ጥርሱ እየገፋው በየማኅተሙ ይወጣና አቧራ ይሰበስባል።

ፒንየንን በግምት ማጥበቅ

ሞተሩ ላይ ያለችው ትንሿ ጥርስና ትልቁ ጥርስ አንድ ፒች (የጥርስ መጠን) መሆን አለባቸው፤ ባለ 32 ከባለ 48 አይገጥምም። ክፍተቱን በግምት የሚያደርግ ሰው ወይ በጣም ያጠብቀዋል፣ ሞተሩ ይግላል፤ ወይ ያላላዋል፣ ጥርሱ ይበላል። ከደብተር ቀጭን ወረቀት ይቁረጡ። በሁለቱ ጥርሶች መካከል ያስገቡት፣ ሞተሩን ገፋ አድርገው ቪቴውን ያጥብቁ፣ ጥርሱን እያዞሩ ወረቀቱን ያውጡ። ወረቀቱ እንደ አኮርዲዮን ታጥፎ ሳይቀደድ ከወጣ ልኩ ነው። ትልቁ ጥርስ ፍጹም ክብ ስለማይሆን ሩብ ሩብ እያዞሩ አራት ቦታ ይሞክሩት። የፒንየኑ ቪቴ የሞተሩ ዘንግ በተላጨበት ጠፍጣፋ ጎን ላይ መቀመጥ አለበት፤ ክቡ ላይ ከቆመ ዳገት ላይ ይንሸራተታል።

አሞርዛተር ውስጥ አየር መተው

ዘይቱን ሞልተው ወዲያው መክደን አሞርዛተሩን እንደ ሳሙና አረፋ ያደርገዋል። ፒስተኑን ወደ ታች አውርደው ዘይቱን እስከ አፉ ይሙሉ፣ ፒስተኑን በቀስታ ከፍ ዝቅ ያድርጉ፣ አረፋው እስኪወጣ አሥር ደቂቃ አቁመው ይተዉት፣ ከዚያ ይክደኑ። የሞተር ዘይት አይጠቀሙ፤ የነዳጅ ዘር ዘይት የሲሊኮኑን ቀለበት ያሳብጠዋልና ከሳምንት በኋላ ዘንጉ ይነክሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ 30 ውፍረት ያለው የሲሊኮን ዘይት በቂ ነው።

ሰርቮውን ሳያስተካክሉ ክንዱን መግጠም

መሪውን የሚያዞረው ሰርቮ ከመሃል ካልተነሳ አንድ ጎን ከሌላው ይበልጥ ይዞራል። ኃይል ይስጡት፣ የሪሞቱን ትሪም (መሃሉን የሚያስተካክለውን ቁልፍ) ዜሮ ያድርጉ፣ ሰርቮው ሲቆም ብቻ ክንዱን ይግጠሙ። ብዙ ሰርቮ 25 ጥርስ ስላለው ክንዱ በአንድ ጥርስ ሲዛነፍ 14.4 ዲግሪ ይሄዳል፤ የሚቀረውን ጥቂት በትሪም ይጨርሱ። ክንድ ሲያዝዙም የጥርሱን ቁጥር ያረጋግጡ፤ 23 እና 24 ያላቸውም አሉ።

ቀጥሎ የመሪው ጥግ ነው። ጎማው ከአክስሉ ጋር ነክቶ ሰርቮው አሁንም የሚገፋ ከሆነ ይግላል፣ ይቃጠላል። በሪሞቱ ላይ የጥግ ገደቡን ይቀንሱ። 20 ኪሎ የሚያዞር ትልቅ ሰርቮ የገጠሙ ሰዎች ደግሞ መኪናዋ ድንጋይ ላይ ስትጨነቅ ተቀባዩ ሲጠፋ የአንቴና ችግር ይመስላቸዋል። ሰርቮው ኃይል የሚወስደው ከኢኤስሲው (የሞተሩን ፍጥነት ከሚቆጣጠረው ዕቃ) ውስጥ ካለው ቤክ፣ ማለትም የባትሪውን ቮልት ዝቅ አድርጎ ከሚሰጠው ክፍል ነው፤ ብዙዎቹ 3 አምፒር ያህል ብቻ ስለሚሰጡ ቮልቱ ይወድቃል። ለሰርቮው የራሱ ቤክ ይግጠሙለት።

ባትሪ

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ በሴል 4.2 ቮልት ይሞላል፣ ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ይበላሻል፣ ለማስቀመጥ 3.8 ይሻለዋል። ብዙ ኢኤስሲዎች ላይ ሊፖና ኒኬል የሚለይ ትንሽ ጃምፐር አለ፤ በኒኬል ላይ ከተተወ መኪናዋ ባትሪውን እስከ ሞት ትጠጣዋለች። 5,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሆነውን በ5 አምፒር ይሙሉ፣ ሴሎቹን እኩል የሚያስሞላውን የባላንስ ገመድም ሁልጊዜ ይሰኩ። ባትሪ እየሞላ ከቤት አይውጡ፤ ያበጠውን አይሙሉ።

ፕላስና ማይነሱን አገላብጦ መበየድ ኢኤስሲውን በቅጽበት ያጠፋዋል። አንዱን ገመድ በይደው፣ ሸፍነው ከጨረሱ በኋላ ሌላውን ይጀምሩ። ሶኬቱን ሲበይዱ ወንዱን ከሴቱ ጋር አጣምረው ይያዙት፤ ፕላስቲኩ ቢሞቅ እንኳ ፒኖቹ አይጣመሙም።

ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ የሚነግሩት፦ ባትሪው በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይሆንም፤ የአየር መንገዶች የተለመደ ገደብ 100 ዋት ሰዓት ነው። 7.4 ቮልት፣ 5,000 ሚሊ አምፒር ሰዓቱ 37 ዋት ሰዓት ስለሆነ ያልፋል፤ ጫፎቹ በፕላስተር ይሸፈኑ።

ክብደትን ላይ መጫን

ጣሪያ ላይ ፖርታ ባጋጅ፣ ጀሪካን፣ መለዋወጫ ጎማ፣ የመብራት መደዳ፤ ፎቶ ላይ ያምራል፣ ጦሳ ተራራ ጎን ላይ ግን ያንከባልላታል። ሚዛኑን በሳንቃ ይሞክሩ፦ መኪናዋን በጎን አቁመው ሳንቃውን ቀስ ብለው ያንሱ፣ ስትገለበጥ የሳንቃውን ዲግሪ በስልክ ይለኩ። ጭነት ከጨመሩ በኋላ ይድገሙት፤ ልዩነቱ ይታያል። ክብደት ከተፈለገ ከታች፣ ከፊት አክስልና ከቸርኬ ውስጥ ይሁን። ለዚህ ከውጭ ማዘዝ አያስፈልግም፤ ኮምቦልቻ ወይም ደሴ ቶርኖ ቤት ልኩን ይዘው ቢሄዱ ከናስ ቀለበት ይቆርጡልዎታል። ባትሪውንም ወደ ፊት ይግፉት።

ቀለም

ግልጽ ፖሊካርቦኔት ቦዲ ከውስጥ ይቀባል፣ ጠንካራው ፕላስቲክ ከውጭ። ከውስጥ ሲቀቡ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ መጀመሪያ የጌጥ መስመሩ፣ ቀጥሎ ዋናው ቀለም። ተራ የመኪና ስፕሬይ ፖሊካርቦኔት ላይ አይዝም፤ አንዴ ስትገለበጥ ይላጣል። በቅድሚያ በዕቃ ሳሙና ይታጠብ። በብርድ ቀን ጣሳውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ቢያቆዩት ቀለሙ በስሱ ይረጫል፤ እሳት ዳር ግን ፈጽሞ አያስጠጉት።

መጀመሪያ ወደ ወንዝ መሮጥ

መጀመሪያ ሪሞቱን፣ ከዚያ መኪናዋን ያብሩ፤ ሲያጠፉ በተቃራኒው። አምስት ደቂቃ ሜዳ ላይ ነድተው ሞተሩን ይንኩ። ጣት የማያስቆም ከሆነ ፒንየኑን ሁለት ጥርስ ያሳንሱ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ሞተርን የማቀዝቀዝ አቅሙም ያንሳል፤ ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ያልጋለ ሞተር አዝዋ ገደል አፋፍ ላይ ሊግል ይችላል።

ውሃ አያስገባም የተባለው ኢኤስሲውና ሰርቮው ነው፤ ኩሽኔታውን ማንም አላለም። ከቦርከና ጭቃ የወጣች መኪና በዚያው ማታ ጎማዋ ተፈትቶ፣ በጎማው ውስጥ ያለው ስፖንጅ ተጨምቆ፣ ኩሽኔታው በቀጭን ዘይት ሊታሽ ይገባል። ሳይደረግ ካደረ በማግስቱ ጎማውን በጣት ሲያዞሩት አሸዋ እንደሚፈጭ ያንኮሻኩሻል፤ ያ ኩሽኔታ ከዚያ በኋላ መቀየር እንጂ መታጠብ አይረዳውም።